ሳትዞር የወጣችው ሴት

ወገኖቼ፣ ስለ አንድ መምህር ልንገራችሁ። ቲያትር ያስተምራል፤ አዋቂ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቀድሞ ተማሪው ዓይናለም የሠራችውን ፊልም ሊያይ ሄደ።

ፊልሙ ንግግር የለውም። አንድ ሰው ጨለማ ደረጃ ይወጣል፤ ሚስቱ ከኋላው ትከተለዋለች። ብርሃኑ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ዞሮ ያያታል። ወዲያው ትጠፋለች። አለቀ።

ተመልካቹ ግራ ገባው። "ምን ማለት ነው?" ተባባለ።

መምህሩ ተነሣ። "ይህ የጥንት ግሪኮች ተረት ነው" አለ። "ኦርፊየስ የሚባል ሙዚቀኛ የሞተች ሚስቱን ሊያመጣ ሙታን አገር ወረደ። 'ውሰዳት፤ ግን እስክትወጡ ዞረህ እንዳታያት' አሉት የሙታኑ ገዢዎች። አላስቻለውም። ዞረ፤ አጣት። ፊልሙ የሚነግረን ትዕግሥት ማጣት ምን እንደሚያመጣ ነው።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ዓይናለም ግን አንገቷን ደፋች።

ሰው ሲበተን መምህሩ አጠገቧ ተቀመጠ። "ምነው? ተሳሳትኩ እንዴ?"

"ኧረ አልተሳሳቱም መምህር፤ ተረቱ እሱው ነው። እኔ ግን አልፈርድበትም። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ 'ሂጂ፣ ትንሽ ዕረፊ' አለኝ። እንባዬን እንዳያይብኝ ብዬ ሳልዞር ወጣሁ። ስመለስ አርፏል። ያ ሰውዬ እኮ ቢያንስ ፊቷን አይቷል!"

በመምህሩ አፍ ላይ ሌላ ትርጓሜ መጥቶ ነበር። ዋጠው። ቀስ ብሎ፣ "ስሙ ማን ነበር?" አላት።

"ምትኩ።" እንባዋ መጣ። "ሰው ሁሉ እንዳላዝን ብሎ ስሙን አይጠራብኝም" አለች።

ከዚያ ስለ ምትኩ አወራች። ሲዘፍን ድምፁ እንዴት እንደሚያስቅ ስትነግረው እያለቀሰች ሳቀች። እሱም አብሯት አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ መምህሩ ዋሸ? አልዋሸም። ያወቀውን ተናገረ። እውቀቱ ደጇ ድረስ አደረሰው፤ ያስገባው ግን ጥያቄው ነው።

ጌታችንስ በወዳጁ መቃብር ምን አደረገ? እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ የት እንዳኖሩት ጠየቀ። ከሟቹ እህቶችም ጋር አለቀሰ።

እኛስ? ለቅሶ ቤት ገብተን "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ብለን ስንቶቻችን ቶሎ ተነሥተን ወጣን? ቃሉ እውነት ነው። ግን ተቀመጡ እንጂ!

ሐዘን የገባበትን ቤት ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ እዚያ ሂዱ። አታስረዱ። የሞተባቸውን በስሙ ጥሩት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።