የጃርት ጉድጓድና የሚዳቋ ክስ

ተረት ላውጋችሁ? «አውጋን» ያለ ጠጋ ይበል።

ድሮ፣ አራዊቱ ሁሉ በአንድ ዳኛ ፊት ይቆሙ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ጃርት ነበረ። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። አንድ ቀን ሥራ ሥር ሊያወጣ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። በዚያ አገር ጉድጓድ የቆፈረ ሁሉ መንገደኛ እንዲያየው አፉ ላይ እሾህ ይጥልበታል። ጃርት ግን ሥሩን ይዞ ወደ ልጆቹ ሲቸኩል ረሳው።

እኩለ ቀን ላይ አህያ እንስራ ተጭኖ መጣ። ለታመመው የሚዳቋ ግልገል ሌሊት ወጥቶ ከሩቅ ምንጭ ውሃ ቀድቶ መመለሱ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እግሩ ተጣመመ፣ የእንስራዋ ጆሮ ተነቀለ፣ ውሃው ፈሰሰ።

የዚያኑ ዕለት የግልገሉ ሞት ተሰማ።

«ጃርት ገደለው» አለ መንደሩ። ነፍስ ያጠፋ ደግሞ ከነልጆቹ ከአገር ይወጣል። ጃርት ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም። «እውነታቸውን ነው፤ እኔ ነኝ» ይላል ለሚስቱ።

በአራተኛው ቀን ሦስት ከሳሾች ቆሙበት። ዳኛው ሽማግሌው የሾላ ዛፍ ነበር።

«አባ ሾላ፣ እግሬን ይዩልኝ» አለ አህያ።

«ሆን ብዬ አይደለም» አለ ጃርት።

«ሆን ብለህ ቢሆንማ ሌላ ነገር በተነጋገርን» አለ ሾላ። «መዘንጋትም ጥፋት ነው። ጉድጓዱ ያንተ፣ እሾህ ያልጣልክበት አንተ፣ የወደቀው እሱ። እግሩ እስኪድን ሸክሙን ተሸከምለት።»

«ጀርባው ላይ ያን ሁሉ እሾህ ተሸክሞ ለጉድጓዱ አንዲት ሰሰተ» አለ አህያ። ሸንጎው ሳቀ። ጃርት አልሳቀም።

እንስራ ቀጠለች። «እኔስ አባቴ? በአንድ ጆሮ ቀረሁ።»

«አህያ አካሄዱ እንዴት ነበር?» አላት ሾላ።

«ምን አካሄድ አለው፣ ከበቅሎ ጋር ይሽቀዳደማል እንጂ። ቀስ በል ስለው ‹አንቺ ተቀምጠሽ ነው የምትሄጂ፤ ምን ቸገረሽ› አለኝ።»

አህያ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የሁለት ነው። ሙጫውን ጃርት ያምጣ፤ ማጣበቁ የአህያ ይሁን።»

በመጨረሻ ሚዳቋ ቀረበች።

«ውሃው ቢደርስ ልጄ ይተርፍ ነበር። ልጄን ያጠፋው ይህ ነው፤ ከአገር ይውጣልኝ።»

ጃርት «አዎ» ሊል አፉን ሲከፍት ሾላ «ቆይ» አለው።

«ሚዳቋ፣ ልጄ፤ ግልገልሽ ያረፈው መቼ ነው?»

ከጃርት ላይ ዓይኗን አነሣች። ሾላም አልቸኮለም።

«ዶሮ ሲጮህ» አለች።

«ውሃው የፈሰሰውስ?»

«እኩለ ቀን።» ራሷን ደፋች። «አውቃለሁ አባቴ። ትኩሳቱን የምከስበት ዳኛ አጣሁ። ጃርት ግን በቅርብ ተገኘልኝ።»

«ውሃው ባይፈስም ልጅሽ አይመለስም ነበር» አለ ሾላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጃርት በዚህ አይጠየቅም።»

ጃርት ተነፈሰ። ሦስት ቀን ቆሞ የሰነበተው እሾሁ በጀርባው ላይ ተኛ። ሚስቱ ልጆቹን ወደ ቤት ይዛ ሄደች፤ የሚጫን ጓዝ የለም።

እሱ ግን ወደ ሚዳቋ ደጅ ሄደ።

«ምን ልትክስ መጣህ?» አለችው። «ተፈርዶልሃል።»

«የምክሰው የለኝም። ለልቅሶ ነው።»

ሚዳቋ አየችው። ጥቂት ቆይታ ንፍሮ አቀረበችለት፣ አጠገቡም ተቀመጠች።

«ስሙ ማን ነበር?» አላት።

ነገረችው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ እናንተም ለልጅ አድርሱት፦ ያጠፉትን ይክሳሉ፤ ላላጠፉት አብረው ያለቅሳሉ።