የጥሩወርቅ ጽጌረዳ ወራሽ

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ ገብቶ አልወጣ ባለ ዓመት፣ በጎጃም ምድር አቶ ቸኮል የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሲናገሩ የሰማቸው ጥቂት ነው፤ ሥራቸውን ግን አገር ያውቀዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሙሽርነታቸው ዓመት ከግቢው በር አጠገብ አንዲት ጽጌረዳ ተክለው ነበር። በየዓመቱ የጽጌ ወር ሲገባ አበባዋን ቆርጠው ለማኅሌቱ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሞት ሲደርስባቸው የነፍስ አባታቸውን ቄስ መንበሩን አስጠሩና ተናዘዙ። «ይህ ግቢ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ጠባብ ነውና አይከፈል። ከልጆቼ መካከል ጽጌረዳዬን በሕይወት ላኖረልኝ ለአንዱ ይሰጥ» አሉ። ቄሱም «ይህን ያፈረሰ የተገዘተ ይሁን» ብለው በግዝት አሰሩት። አቶ ቸኮል ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚያው ክረምት ጽጌረዳዋ ታመመች። መጀመሪያ በታችኛው ቅጠሏ ላይ ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ወጣ፤ ዙሪያው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቅጠሉ ረገፈ። አቶ ቸኮል የሚጣል ነገር አያውቁምና የረገፈውን ጠርገው ከግንዷ ሥር ከመሩት። «ቅጠል ለእናቱ ፍግ ነው» አሉ። ዝናቡ ክምሩን እየመታ ሲረጨው ነጠብጣቡ ወደ ላይኛው ቅጠል ወጣ። እርሳቸው ግን ፍግ አንሷት ነው ብለው የረገፈውን ሁሉ ጨመሩላት። ከክምሩ ጋር አብሮ ሕመሙ አደገ።

ሴት ልጃቸው እናንዬ ከባሏ ተፋትታ የተመለሰች ነበረች፤ ከዚያ ግቢ ሌላ መግቢያ አልነበራትም። አንድ ቀን ክምሩን በቅርጫት እየዛቀች ከእሳት ስትጨምር አባቷ ደረሱባት።

«ፍጉን ታቃጥያለሽ?»

«ፍግ አይደለም አባዬ። ሲዘንብ ከክምሩ የሚፈናጠረው የነካው ቅጠል ነው የሚጠቁረው። ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።»

«እጅዎ ገደላት በይኛ!»

«እኔ አልወጣኝም። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

ከዚያ ወዲያ እናንዬ ነጠብጣብ የታየበትን ቅጠል ሁሉ ከእሾህ መካከል እየለቀመች ማቃጠል ያዘች። ጣቶቿ ደሙ። ጽጌረዳዋ ራቁቷን ልትቀር ደረሰች። በበሩ የሚያልፉ ሴቶች «እናንዬ፣ የማን ዶሮ ነው የምትነጪው?» እያሉ ሳቁባት። እሷ ግን አዲስ ነጠብጣብ ባየች ቁጥር መልቀሟን አልተወችም።

የበኩር ልጃቸው ጫኔ ከአባቱ ጋር የሚያርስ ነው። ለሠርጉ ጠላ ብሎ የተከለው ጌሾ ጽጌረዳዋን ከሁለት በኩል አፍኗት ነበር። ከጌሾው በኩል ያለው ቅጠል ፀሐይ ወጥቶ እንኳ እንደረጠበ ሲውል አየ፤ የሚጠቁረውም ቀድሞ ያ ነው። መጥረቢያውን አንሥቶ ጌሾውን ከሥሩ ቆረጠው። ቀጥሎ ማጭድ ይዞ የጽጌረዳዋን የተጠላለፉ ቅርንጫፎች ማውረድ ሲጀምር አቶ ቸኮል ዱላቸውን አነሡ።

«ጨርሰህ ልትገድላት ነው?»

«ንፋስ ይግባት አባዬ። ስንዴ ተፋፍኖ ሲበቅል ዋግ ይመታዋል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ዱላው ወረደ። ሠርጉ ግን ለሌላ ዓመት ተላለፈ። የእጮኛው አባት «በጌሾ ፈንታ እሾህ ጠምቆ ሊያጠጣን ኖሯል!» ብለው በገበያ መካከል ተሳለቁበት። ጫኔ ሰምቶ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ በዝምታ አባቱን ይመስላል።

የመጨረሻው ልጅ ሽባባው ከተማ ዳር በአንድ የአበባ እርሻ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የእናቱ ጽጌረዳ መታመሟን ከገበያተኛ ሰምቶ ፈቃድ ቢጠይቅ አለቃው «ለአንድ ቁጥቋጦ ብለህ ከሄድክ እዚያው ቅር» አለው። ሄደ፤ እዚያውም ቀረ። ሲመጣ በፌስታል ድኝ ይዞ ነበር። ድኙን በውኃ በጥብጦ የአዲሱን ቅጠል ላዩንም ታቹንም ይረጨው ጀመር። ዝናብ ባጠበው ቁጥር አባርቶ ሲደርቅ ደግሞ ይረጫል።

«ጣቴ ከደማ በኋላ ነው የምትመጣው?» አለችው እናንዬ።

«ይኼ የታመመውን አያድንም እታለም። ያልታመመውን ነው የሚጠብቀው። አንቺ ባታጸጂው ድካሜ ከንቱ ነበር።»

«እንግዲያ ግቢው የኔ ነዋ!»

«ቆይ፣ ቅጠሉ ይጠንክር። ከዚያ በኋላ ደህና አድርገን እንጣላለን።»

ዝናቡ መስከረም ሊያልቅ ሲል ቆመ። ጽጌረዳዋ በተቆረጡት ቅርንጫፎች ላይ ንጹሕ ቅጠል ለበሰች፤ ጽጌ ሳይወጣም አበበች። አቶ ቸኮል የመጀመሪያውን አበባ ራሳቸው ቆርጠው ለማኅሌት ወሰዱ። ማኅሌቱ ካበቃ በኋላ ቄስ መንበሩና ሽማግሌዎቹ ከግቢው ገብተው ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች ፊታቸው ቆሙ። አቶ ቸኮል ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነበር የጠየቁት፤ «እያንዳንዳችሁ ሌሎቹ ባይኖሩ ብቻችሁን ታድኗት ነበር?»

እናንዬ «እሱን አላውቅም» አለች። «ግን እኔ ክምሩን አንሥቼ ባልለቅም ኖሮ ጋሼ የሚቆርጠው፣ ሽባባውም የሚረጨው ነገር አያገኙም ነበር።»

ጫኔ «በዚያ ጥላ ብትቆይ ቢለቅሙላትም ቢረጩላትም በሽታው ይመለስ ነበር» አለ። «እነሱ የዘንድሮን ክረምት አሳለፏት። እኔ የሚመጣውንም አሰብኩላት።»

ሽባባው «የቀራት ጉልበት አንድ ጊዜ ቅጠል ለማውጣት ብቻ ነበር» አለ። «ያ ቅጠል ለጋ ሳለ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። እሱ ቢረግፍ ኖሮ ዛሬ የምንካሰስበት ግንድ ማገዶ ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መግቢያ ለሌላት ለልጅቱ ይሁን» አሉ። ሌላው «ኑዛዜው ለተቸገረ አይልም! ችግር ከሆነማ ሥራውን ትቶ የመጣው የት ይግባ?» ብለው መለሱ። ሦስተኛው «ሠርጉን የቆረጠስ? ጎጆ የሚወጣው በምን ላይ ነው?» አሉ። ድምፅ ከፍ ሲል ቄስ መንበሩ መስቀላቸውን አነሡ።

«አቶ ቸኮል፣ ቃሉ ለአንድ ነው። ቢያካፍሉ ግዝት አለበት። ይናገሩ።»

አቶ ቸኮል ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። የአንዱን ስም ሲጠሩ ሁለቱ በዚያ በር ወጥተው እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ሦስቱንም ለዚህ ያደረሳቸው በሽታ በማን እጅ እንደ ተዛመተም ያውቃሉ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ መናገር አማራቸው፤ የሚፈለግባቸው ግን አንድ ስም ብቻ ነበር።

እናንተ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ፈርዳችሁም አትለፉት። የበሽታውን ምንጭ ያቃጠለችው አለች፤ ብርሃንና ንፋስ ያስገባው አለ፤ የመጨረሻውን ቅጠል ከዝናብ የጠበቀው አለ። ግቢው የሚገባው ለማን ነው?