አያ ደባሱና እታለማሁ ወንዝ የተሻገሩ ዕለት

በእኛ አገር ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ ሳይላት የማይቀር አባባል አለች። ልጆች ሳለን እንዲያው ለማስታረቂያ የተፈጠረች ይመስለን ነበር። ኋላ ግን እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ይኖሩ ስለነበሩ ባልና ሚስት አጫወተችኝ።

አያ ደባሱ ገመድ እየገመዱ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው የጠፋው ገና በጉልምስናቸው ነው። ሚስታቸው እታለማሁ እጃቸውን ይዘው እየመሩ ዓመታት ቆዩ። ኋላ እሳቸውንም የዓይን ሕመም ያዛቸውና ብርሃናቸው ጠፋ። ያን ጊዜ እታለማሁ ከመደብ አልነሣም ብለው ተኙ። አያ ደባሱ አጠገባቸው ተቀመጡና፣

«ተነሺ፤ ይህን አገር ቀድሜሽ ገብቼ አውቀዋለሁ። እኔ ላሳይሽ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ እሳቱን በሙቀቱ፣ የእንስራውን መሙላት በድምፁ፣ ዝናቡን በአፈሩ ሽታ መለየት አስተማሯቸው። አያ ደባሱ ጭራሮ ለቀማ ሲወጡ እታለማሁ ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ያንጎራጉራሉ፤ ባልየው ዜማውን ተከትለው ይመለሳሉ። በወጥ ጨው ይጨቃጨቁም ነበር። መታረቃቸውን ጎረቤት የሚያውቀው በሳቃቸው ነው።

አንድ በጋ የጎጆዋን ክዳን ጠርዝ እሳት ላሰው። ጎረቤት ደርሶ አጠፋው። ከወንዙ ወዲህ የሚኖሩት ልጆቻቸው፣ ስማቸው የተባለው ወንዱና እኅቱ ይጋርዱሽ፣ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። የአንዳቸውም ቤት ለሁለቱ አይበቃምና መክረው አባትን ወንዱ፣ እናትን ሴቷ ሊጦሩ ተስማሙ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰግተው ነው። ወላጆቹም የልጆቻቸውን ቃል ላለመስበር እሺ ብለው ተለያዩ።

ስማቸው አባቱን በቅቤና በማር ያዛቸው። እሳቸው ግን ጠዋት በነቁ ቁጥር «እታለማሁ፣ ነጋ እንዴ?» እያሉ ግድግዳውን መጠየቅ አመጡ። ቃጫ ቢያቀርቡላቸውም አልነኩትም። እታለማሁም እንዳይወድቁ «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» እየተባሉ፣ በልጃቸው ቤት እንግዳ ሆነው ከሱ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሁለቱም ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ቅዳሴው እንዳበቃ አያ ደባሱ ከሴቶቹ በኩል አንድ ሳል ሰሙ። በምርኩዛቸው እየደባበሱ ሄደው ቆሙ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ።» እታለማሁ እጃቸውን ተቀብለው መዳፋቸውን ዳሰሱ። «እጅዎ ለስልሷል። ገመዱን ተዉት እንዴ?»

«ለማን ቤት ልግመድ?» አሉ አያ ደባሱ። ቀጥለውም፣ «ነይ፣ ቤታችን እንሂድ» አሏቸው።

ልጆቹ ከዘመድ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ሁለቱ ሄዱ። ዝናቡ ዘግይቶ ያቆመበት ዓመት ስለነበር ወንዙ ገና አልጎደለም። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ሲያጧቸው ይኸው ውኃ ትዝ አላቸውና እየሮጡ ወረዱ። መሻገሪያው መልካ ላይ ሽማግሌው አያ ጥላዬ ከብት ሲያጠጡ አገኟቸው።

አያ ጥላዬ ያዩትን ነገሯቸው። ባልና ሚስቱ ዳር ደርሰው ሲቆሙ ሊረዷቸው ብድግ ብለው ነበር። ግን እታለማሁ ጆሯቸውን ለውኃው ሰጥተው ጥልቁን ከጥልቅ ያልሆነው ሲለዩ፣ አያ ደባሱም በምርኩዝ ድንጋዩን ፈልገው እግራቸውን ሲያስቀድሙ አዩና ባሉበት ቀሩ። መካከል ላይ ሲደርሱ የሁለቱ ሳቅ ተሰማቸው፤ ከዚያም በደኅና ማዶ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ወንዙን እየተሻገሩ ይጦሯቸው ጀመር፤ የምድጃውንም ዙሪያ በጭቃ አጠሩላቸው። ሁለቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከጎጆዋ አልወጡም።

ያን ዕለት ግን ስማቸው ሊመልሳቸው ውኃው ውስጥ ሊገባ ሲል፣ አያ ጥላዬ ትከሻውን ያዝ አደረጉና፣ «ተዋቸው ልጄ፤ ዓይን ቢጠፋ ትዳር ይመራል፣ ትዳር ቢጠፋ ማን ያሻግራል» አሉት።