የመመለሻው ዋርካ

ወሎ ውስጥ ከጭሬ መንደር ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ስሙ መመለሻ ነው። ከጭሬ ለሐጅ የሚነሳ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነሳል። መጀመሪያ መንዙማ እየተባለለት እስከ ዋርካው ይሸኛል፤ እዚያ ሲደርስ ሸኚዎቹን ትቶ ብቻውን ወደ መንደር ይመለሳል፣ አንድ ቤት ገብቶ ይወጣል፤ ጉዞው ጉዞ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። ዛሬ ሚኒባስ መጥቶም ልማዱ አልቀረም፤ ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ቢነጫነጭም ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ጦሃ ይመር በሚባል ሰው ነው። ጦሃ ተቀምጦ የማይረጋ ሰው ነበር ይባላል። ማዕድ ላይ ሳለ ብድግ ብሎ ደጁን ያያል፤ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ እግሩ ቀድሞ ይሄዳል። ምን ሆነህ ሲሉት «መካ እየጠራችኝ ነው» ይል ነበር፤ ሰዉም አምኖት ያከብረው ነበር። እኔ ግን፣ የነገሩኝ አዛውንቶች ይቅር ይበሉኝና፣ መካ ሰውን እንዲያ የምታቅበጠብጥ አይመስለኝም።

እንደሚነገረው ለሐጅ ከመነሳቱ ሰባት ዓመት በፊት የጦሃ በቅሎ ጠፍታ ነበር። ጦሃ ጎረቤቱን ሸማኔውን ሙሄን ጠርጥሮ፣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ሕዝብ ፊት ቁርኣን አስይዞ አስማለው። ሙሄ ማለ፣ ሐሜቱ ግን ከደጁ አልጠፋም። በወሩ ጦሃ እንጨት ሊቆርጥ ገደል ቢወርድ የበቅሎዋን አጥንት ከነልጓሙ አገኘው፤ አፈር አልብሶት ዝም አለ። መርጋት ያቃተውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

የሐጅ ወር ሲቃረብ ግመሎቹን ጭኖ ወደ ባሕር የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ መጣ። ከዚያ ሲራራ የቀረ ለዓመቱ ቀረ ማለት ነበር፤ ጦሃ ደግሞ አርጅቷል፣ ደረቱንም ያመዋል። ኢሕራሙን፣ ሐጅ ተጓዥ የሚለብሰውን ነጭ ልብስ፣ በመንደሩ ሌላ ሸማኔ ስላልነበረ ሰው ልኮ ያሠራው ሙሄ ዘንድ ነው፤ ሙሄም ጥርት አድርጎ ሸመነለት። መንደሩ ዋርካው ድረስ ሲሸኘው ጦሃ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወገኖቼ፣ የበደልኳችሁ ካለ አውፍ በሉኝ» አለ። «አውፍ ብለናል!» አሉት ባንድ ድምፅ። ሁሉንም ባንድ ላይ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው! ሙሄ ግን ከሸኚዎቹ መሃል አልነበረም።

ጦሃ ከዋርካው ጥላ ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴ ተመለሰ ይባላል። የሲራራው አለቃ «ሰውዬ፣ ፀሐዩ ሳይከር እንውረድ እንጂ!» እያለ ሲጮህበት፣ ፊቱን አዙሮ ወደ መንደር ሮጠ።

ሙሄን ሽመናው ላይ አገኘው። «አያ ሙሄ፣ በቅሎዬ ገደል ገብታ ነው የሞተችው። አጥንቷን አግኝቼ ቀበርኩት። አውፍ በለኝ።»

ሙሄ መወርወሪያውን አስቀመጠ። «መቼ ነው ያገኘኸው?»

«ባስማልኩህ በወሩ።»

«የሌባ ልጅ እየተባለች ልጄን ሰባት ዓመት የሚያጫት ጠፋ። እዚህ ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል? ሄደህ እዚያው ካስማልከኝ ቦታ ሕዝብ ፊት ተናገረው።»

ጦሃ ወደ አፋፉ አየ። ሕዝቡ ከዋርካው መጥቶ እስኪሰበሰብ ሲራራው እንደማይጠብቅ ያውቃል። አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ መካን ማጣቱ አንገበገበው። ቢሆንም ሰው ላከና ሕዝቡ ተመልሶ መስጊዱ ግቢ ሲሞላ ሁሉንም ተናገረ። ተናግሮ ሲጨርስ የግመሎቹ አቧራ ቆላው ላይ ይታይ ነበር። ያኔ ጦሃ የመስጊዱ ግንብ ሥር ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ረጋ። ያዩት ሰዎች ደነገጡ ይባላል።

ሙሄ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ሐጂ» አለው።

የሚቀጥለው ዓመት ሲራራ ሳይመጣ ጦሃ ሞተ፤ የተከፈነውም ሙሄ በሸመነለት ኢሕራም ነው። መካን ሳያይ ሐጂ መባሉ አግባብ አይደለም የሚሉ ሸሆች አሉ፤ የተማሩ ናቸውና አልከራከራቸውም። መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ የሐጂ ጦሃ ይባላል።

ዋርካውም እዚያው አለ። ተመላሹ የማን ቤት እንደገባ አይጠየቅም፤ ሸኚዎቹም መሬት መሬት እያዩ ይጠብቃሉ። «የምመለስበት ቤት የለኝም» ብሎ ከዋርካው በቀጥታ የወረደ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።