ለመስቀል የሚያደርስ ሰርቨር

በአንድ ወቅት፣ ቅደም ተከተሉን አንዳንድ ቦታ አዛብቼው ሊሆን ይችላልና የሚያስታውስ ያርመኝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚመላለሱ የአውቶቡስ ባለንብረቶች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ነበረ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ጥሩዬ አመርጋ ይባላሉ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሩት አንድ ሳምንት ነበር። የመስቀል ሰሞን ከተማ ያለ ጉራጌ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። በዚያ ሳምንት ትኬት መቁረጥ ከተቋረጠ ሰው መስቀልን ከቤተሰቡ ተለይቶ ይውላል፤ ይህን ደግሞ ማንም አይረሳላቸውም። በዚያ ዓመት ሌላም ጭንቀት ነበረባቸው። ባለንብረቶቹ ጠርተዋቸው፣ «ከበዓሉ በኋላ አንዱን መንገድ ምረጪ። መንገዱን የመረጥሽለት ሰው የኮምፒውተር ክፍሉን ይምራ። ሦስት ሰው በሦስት አቅጣጫ ሲጎትት ልናይ አንፈልግም» ብለዋቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬት የሚቆርጠው ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ ሆኖ የሚሸከመው፣ ከየመስኮቱ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግደው ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ ባለሙያዎቹ አፕሊኬሽን ሰርቨር ይሉታል። የትኛው ሰርቨር ይሁን በሚለው ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ ሦስት ሠራተኞች አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም።

ሙደሲር የሚወደው ኦፕን ሶርስ የሚባለውን ነው። ኮዱ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ነው፤ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ማንም ገልጦ ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል። ማኅበሩ ሥራ ሲጀምር ይህን ሰርቨር የተከለው ሙደሲር ነበር። «ያንቺ ሰርቨር ለመተንፈስ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል» እያለ ባልደረባውን ናርዶስን ይተርባታል።

ናርዶስ የምታምነው የሚሸጠውን ነው። በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ አለው፤ ከፈቃዱ ጋር ውል፣ ከውሉ ጋር ስልክ የሚያነሣ ሰው አለ። ያለፉትን ሁለት መስቀሎች ማኅበሩ ያለ አንዳች እንከን የተወጣው በእሷ ሰርቨር ነው። «ያንተው አባት የለውም። ሲታመም ማንን ልጥራለት?» ትለዋለች።

ኤፍሬም ደግሞ የትኬቱን ፕሮግራም የጻፈው ነው። ሁለቱም ሰርቨሮች ሥራ የሚያቀልሉ የየራሳቸው መሣሪያዎች አሏቸው፤ እሱ ግን አንዱንም አልነካም፣ ፕሮግራሙ በየትኛውም ላይ እንዲቆም ብሎ። በዚህ ምክንያት ሥራው ዘገየ፤ ፕሮግራሙም ከሚገባው በላይ ቀርፋፋ ሆነ፣ የመስኮቶቹ ሰልፍም በየቀኑ ረዘመ። ሙደሲርና ናርዶስ የሚስማሙት እሱ ላይ ሲቀልዱ ብቻ ነው።

«ኤፍሬም ትዳር ሲይዝ ሁለት ቤት ነው የሚከራየው» ይላል ሙደሲር።

«አንዱ ቢያፈስ ብሎ» ትጨምራለች ናርዶስ።

ኤፍሬም፣ «ቢያፈስስ?» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ጥሩዬ ማለዳ ቢሮ ሲደርሱ ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ መንገዱን ይዟል። መስኮቶቹ ግን ተዘግተዋል። የናርዶስ ሰርቨር እንደ ወትሮው ንጋት ላይ ራሱን አጥፍቶ ሊነሣ ሲል አልነሣም፤ ፈቃዱ አብቅቷል።

ናርዶስ ስክሪኑ ፊት ቆማ፣ «ነገ ነበር እኮ የሚያበቃው! ዛሬ ላሳድሰው ነበር» አለች።

ስህተቱን ያገኘው ኤፍሬም ነው። ፈቃዱ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሴፕቴምበር 23 ተብሎ ነው። ናርዶስ እንደ ሌላው ዓመት መስከረም 13 ብላ ይዛዋለች። ያለፈችው ጳጉሜን ግን ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ ቀኑ መስከረም 12 ላይ ዋለ።

ውጭ አንዲት ትልቅ ሴትዮ የመስኮቱን ብረት ይደበድባሉ። «እናንተ ልጆች! መስቀልን እዚሁ መርካቶ ልታውሉን ነው?»

«እትዬ ጥሩዬ፣ የኔን ላስነሣው?» አለ ሙደሲር።

«የማንን ፈቃድ ትጠብቃለህ?»

«እሱ የማንንም አይጠብቅም» አለና አሮጌው ማሽን ላይ ትቶት የነበረውን ክፍቱን ሰርቨር አስነሣ። ኤፍሬም ፕሮግራሙን ከተዘጋው አንሥቶ አሮጌው ላይ አስቀመጠው። አንድም መስመር መለወጥ አላስፈለገውም። መስኮቶቹ ተከፈቱ።

ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ሳለ፣ ረፋዱ ላይ፣ ወደ እምድብር ከሚሄደው አውቶቡስ ጩኸት ተሰማ። ወይዘሮ ጥሩዬ ሮጠው ሲደርሱ ያቺው ሴትዮና አንድ ደንዳና ነጋዴ አንድ ወንበር ላይ ተፋጠዋል።

«እናቴ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር የኔ ነው።»

«የኔም ነው፤ ይኸው ተጽፏል። እንግዲያው እዘለኝ!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ወይዘሮ ጥሩዬ አልሳቁም። ሰው ሲበዛ ሰርቨሩ አንዱን ወንበር በአንድ ቅጽበት ለሁለት ሰው እየሰጠ ነው ማለት ነው። ነጋዴውን እየለመኑ ወደሚቀጥለው አውቶቡስ አዛወሩትና ሽያጩን አስቆሙ።

ሙደሲር ኮዱን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ያየውን በበይነመረብ ላይ፣ የዚያ ሰርቨር ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት መድረክ ጻፈ። ከሩቅ አገር አንድ የማያውቀው ሰው መለሰለት፤ ሁለቱ እየተጻጻፉ ጉድለቱን ደረሱበት። ሙደሲር በገዛ እጁ አረመው፤ ወንበር መደራረቡ ቀረ። መስኮቶቹ እንደገና ተከፈቱ። አሮጌው ማሽን ግን እየተንፈራገጠ ነበር፤ ሰልፉ ከሚያጥረው የሚረዝመው በለጠ።

ናርዶስ ይህ ሁሉ ሲሆን ከስልኳ ጋር ነበረች። የሻጩን ኩባንያ ሰዎች አንዱን ስትጨርስ ሌላውን እየጠራች፣ ውሉን እያስታወሰች፣ ስህተቱ የራሷ መሆኑን ሳትደብቅ፣ አዲሱ ፈቃድ በዚያው ቀን እንዲላክላት አደረገች። ከሰዓት በኋላ ሰርቨሯ ተነሣ። ኤፍሬም ፕሮግራሙን እንደገና አነሣና ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲወጣ ግቢው ውስጥ የቀረ መንገደኛ አልነበረም።

ከበዓሉ መልስ ወይዘሮ ጥሩዬ ሦስቱን ፊታቸው አስቀመጡ። ባለንብረቶቹ መልስ እየጠበቁ ነው፤ የሚቀጥለው መስቀል ደግሞ ይመጣል። ያልተመረጡት ሁለቱ ሥራውን ለቀው እንደሚሄዱ ወይዘሮ ጥሩዬ ያውቃሉ። ሦስቱንም ይወዷቸዋል።

«እስቲ እያንዳንድሽ ተናገሪ፤ አጠር አድርገሽ» አሉ፤ ሲጨንቃቸው ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ማለት ይቀናቸዋል።

ሙደሲር፣ «የሷ በር ከውጭ ተቆልፎ ሲቀር የኔ ተከፈተ» አለ። «የኔ ሲበላሽም ገልጬ አየሁት። የሷ ቢበላሽ ማን ይገልጠዋል?»

ናርዶስ፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰርቨሩ አይደለም» አለች። «ሰርቨሩ ሁለት መስቀል ተሸክሟል፤ ያን ቀንም የጨረሰው እሱ ነው። የሱን ያተረፈው የማያውቀው ሰው ደግነት ነው። ያ ሰው ያን ቀን ሰርግ ቢኖርበትስ?»

«ሰርጉን ትቶ ይመጣ ነበር» አለ ሙደሲር።

«እንዲህ የሚያደርገው አንተ ብቻ ነህ!» አለች ናርዶስ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ኤፍሬም ዞሩ። ኤፍሬም፣ «እኔ ለሁለቱም ብዬ ባልዘገይ ኖሮ ፕሮግራሙ ያን ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው አይዛወርም ነበር» አለ። «ግን ደግሞ ያ ሁሉ ሰልፍ በየቀኑ በኔ ምክንያት መቆሙን አውቃለሁ። ለአንዱ ሰርቨር ብቻ ብዬ ጽፌው ቢሆን ሁለቱንም መስቀል ትኬት በፍጥነት እንሸጥ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አልገባኝም።»

ወይዘሮ ጥሩዬ፣ «እኔም አልገባኝም» አሉና እስከ ነገ ጊዜ ስጡኝ ብለው አሰናበቷቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ መጀመሪያ ሙደሲርን መረጡ፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ወንበር ትዝ ሲላቸው ወደ ናርዶስ ሄዱ፤ የተዘጋው መስኮት ትዝ ሲላቸው ወደ ኤፍሬም፤ የየዕለቱ ሰልፍ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ተመልሰው መነሻቸው ላይ ቆሙ። በማግስቱ ለባለንብረቶቹ ምን እንዳሏቸው የነገሩኝ ሰዎች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ስለዚህ አልጨምረውም።

አንድ ነገር ግን በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ያን ዕለት ከሩቅ አገር ሙደሲርን በነጻ የረዳው ሰው ደመወዝተኛ ነበር። ሥራው የተከፈተውን ኮድ ማረም ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለውም ለናርዶስ ፈቃዱን የሚሸጥላት ያው ኩባንያ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ የክፍሉ ወንበር የሚገባው ለማን ነው?