የሹሙ መኪና ፓምፕ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ትልቅ ሹም፣ አልጋና መታጠቢያ በተገጠመለት መኪናቸው አንዲት ቆላ ከተማ ለመጎብኘት መጡ። ከተማዋ ውሃ ካጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ውሃችንስ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ሹሙ «ሁለተኛ ይህን የሚያነሳ ይታሰራል!» ብለው በትነዋቸው ወደ መኪናቸው ገቡ።

ፊታቸውን ሊታጠቡ ቧንቧውን ሲከፍቱ ግን የመኪናው የውሃ ፓምፕ እየተንቀጠቀጠ ይጮህ ጀመር። ወዲያው የከተማዋ መካኒክ፣ አንዲት ሴት፣ በፖሊስ ተጠርታ መጣች። የፓምፑን ብሎኖች አጠበቀች፤ ጩኸቱ አልቆመም። ቱቦው ተቀዶ እንደሆነ ዳበሰች፤ ደህና ነው። በመጨረሻ የውሃውን ታንክ በጣቷ አንኳኳችው።

«ክቡር ሆይ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው። ታንኩ ባዶ ስለሆነ አየር እየሳበ ነው የሚጮኸው። ውሃ ካገኘ ዝም ይላል» አለቻቸው።

«እዚህ አገር ውሃ ከየት ይመጣል?» ብለው ሹሙ ተቆጡ። «ውሃ ሳትጨምሪ ዝም አሰኚው! አለዚያ ትታሰሪያለሽ።»

ሴትዮዋ መፍቻዋን ወደ ሳጥኗ እየመለሰች፣ «ውሃ ሳይሰጡ ዝም ማሰኘትማ የእርስዎ ሙያ ነው፤ እኔ መካኒክ ነኝ» አለቻቸው።