ጌታችን የሚበሉት አተላ

ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ ወንዝ ዳር እመት ገብስማ የምትባል ዶሮ ከባሏ ከአያ ወሰራ ጋር ትኖር ነበር። አያ ወሰራ ጎህ ሲቀድ ሲጮህ አገሩ ይነሣል። ፍየል ወደ ቅጠሏ፣ አህያ ወደ ሣሩ፣ ከርከሮ ወደ ሥራሥሩ ይሄዳሉ። ሁሉም የሚስማማውን በልቶ ያድራል። ሆዴን ያመኛል የሚል አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሸለምጥማጥ መጣ። ሸለምጥማጥ እንቁላል ነፍሱ ነው፤ ግን ሊሰርቅ በሄደ ቁጥር እመት ገብስማ አፍንጫውን እየነቆረች አስመርራዋለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ሰዎች ጠላ ጠምቀው የደፉትን አተላ በትልቅ ገበቴ ሞልቶ፣ እንስሳቱ ሁሉ ውሃ ለመጠጣት በሚያልፉበት መንገድ ዳር ተቀመጠ።

«አተላ በእንቁላል፣ አተላ በእንቁላል» ሲል ዋለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ፍየል ብቻ ጠጋ ብላ ብታሸተው አስነጠሳት። «ይሄማ የሚደፋ ነገር ነው» ብላ አለፈች።

በማግስቱ ሸለምጥማጥ ገበቴውን በኮባ ቅጠል ሸፈነና ለመንገደኛው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ዛሬ አትሸጥም እንዴ?» አለው አህያ።

«አይሸጥም። የጌታችን የአንበሳ ነው።»

«ጌታችን አተላ ይበላሉ?»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጎፈር ከየት የመጣ መሰለህ? ጌታችን የሚበሉትን የበላ፣ እንደ ጌታችን ያገሳል። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

አህያ አደራውን አልበላም፤ ለፍየል ብቻ ነው የነገራት። ፍየልም ለከርከሮ ብቻ ነገረችው። ከርከሮ ደግሞ ላገኘው ሁሉ ብቻ ነገረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰልፉ ከገበቴው እስከ ወንዙ ደረሰ። የቆቅ ጎጆ ተራቆተ፣ የጅግራ ጎጆ ተራቆተ፤ እንቁላሉ ሁሉ ሸለምጥማጥ እግር ሥር ተከመረ።

እውነቱን ለመናገር ሸለምጥማጥ አልዋሸም። የበሉት ሁሉ አገሱ። አህያ ገበቴውን ልሶ ቀና አለና አንድ ረጅም ግሳት ለቀቀ።

«ሰማችሁ? አገሳሁ» አለ።

«ሰምተናል» አሉት ሁሉም፣ እነሱም እያገሱ።

ማታ እመት ገብስማ ልትታቀፍ ብትል ጎጆዋ ጎድሏል።

«ወሰራ፣ እንቁላሎቼ የት ሄዱ?»

«እሱን ተይውና አንገቴን እይልኝ። ጎፈር ብቅ አላለም?»

«ያው የድሮ ላባህ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ይወጣል» አለና ሚዛኑን ስቶ ከቆጡ ወደቀ።

በማግስቱ አያ ወሰራ የጮኸው በቀትር ነው። አገሩም እስከ ቀትር ተኛ። ሲነሡ ደግሞ ሁሉም ሆዱን ይዞ ነበር። ፍየል ገደል መውጣት አቅቷት ከሥር ተቀምጣ ታቃስታለች። ከርከሮ ጭንቅላቱን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ «አገር ጨለመ» ይላል።

«ሆዳችንን ቆረጠን፤ ምን ይሻለናል?» ብለው ሸለምጥማጥን ጠየቁት።

«ግሳቱ መውጫ አጥቶ ነው። ጨምሩበት» አላቸው።

ጨመሩበት።

እመት ገብስማ ፍየልን ለመነቻት። «እትዬ ፍየል፣ ቅጠልሽን ስትበዪ መቼ ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ግን አገሩ ሁሉ እየበላ እኔ ብቀር ምን ይሉኛል?»

እመት ገብስማ የቀሯትን እንቁላሎች በገለባ ሸፈነችና አንበሳ ዘንድ ሄደች። ራቅ ብላ ቆማ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ አተላ ይበላሉ?»

«አተላ? እኔ የምበላውንማ አንቺም ታውቂያለሽ» አለና አንበሳ ላይ ታች አያት። እመት ገብስማ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ግን አልሸሸችም። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

አንበሳም ወደ ወንዙ ወርዶ ቋጥኝ ላይ ቆመ። «አተላ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ እሱ ነው። ተዉት» አለ። ሁሉም መሬት እስኪነኩ እጅ ነሡ።

አንበሳ ዞር እንዳለ ከርከሮ ወደ አህያ ጆሮ ተጠጋ። «እንዳያልቅባቸው እኮ ነው።»

«እኔም የገባኝ እንደዚያ ነው» አለ አህያ።

በነጋታው ሰልፉ እጥፍ ሆነ። ሸለምጥማጥም በእንቁላል ከመጥገቡ የተነሣ ተኝቶ መሸጥ ጀመረ።

እመት ገብስማ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት አሰበች። «እነዚህ በምላሳቸው ቢበሉ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ይበቃቸው ነበር። የሚበሉት በዓይናቸው ነው» አለች። ተነሥታም ወደ ጅብ ዋሻ ሄደችና ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ተጣራች።

«አያ ጅቦ፣ ልጋብዝዎ ነው የመጣሁት።»

«አንቺን ነው የምትጋብዢኝ?»

«እኔን አይደለም። አተላ ነው።»

ጅብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያልተጠራሁበት ቤት ገብቼ ነው የበላሁት። ና ብሎ የጠራኝ የለም። እንኳን አተላ፣ ውሃም ቢሆን እመጣለሁ።»

በነጋታው በጠራራ ፀሐይ ጅብ ከተፍ አለ። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለለት። ጅብ ጭንቅላቱን ገበቴው ውስጥ ነክሮ ሲሰለቅጥ፣ አተላው እስከ ጆሮው ተለቀለቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ግሳት አገሳ፤ ሽታው ዝንብ ጣለ።

«ይህስ የኔ ምግብ ነው። ልክ የኔ» አለ። «ለካ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን። እትዬ ፍየል፣ ነይ እንጂ፤ በአንድ ገበቴ እንብላ።»

ፍየል ጢሟን ጠረገች። «እኔ እንኳ ውሃ ልጠጣ ነው የመጣሁት።»

«አንተስ አያ አህያ?»

«እኔ አተላ ቀምሼ አላውቅም» አለ አህያ፣ አተላው ከአፉ ላይ ሳይደርቅ።

«አተላ ምንድን ነው?» አለ ከርከሮ።

አያ ወሰራም ላባውን አራገፈ። «እኔማ ከድሮም ሽታውን አልወደውም።»

ጅብ የሚበላውን በልቶ መታየት የፈለገ አልተገኘም። ሰልፉ እንደ ጤዛ ረገፈ። አንበሳ ተቆጥቶ ያላስቆመውን ጅብ ወዶ አስቆመው።

ሸለምጥማጥ ከእንቅልፉ ሲነቃ ገበቴው ባዶ ነው፤ ከፊቱ ያለውም ጅብ ብቻ ነው።

«ጨምር» አለው ጅብ።

«አልቋል፣ ጌታው።»

«እንዲህ ያለ ደግ ወዳጅ አግኝቼማ አልለቅህም። ነገም እመጣለሁ። አተላ ካለ አተላ እበላለሁ፤ ከሌለ ደግሞ...» አለና ሸለምጥማጥን ከጭራው እስከ ጢሙ አየው።

ከዚያ ወዲያ ሸለምጥማጥ ከደጅ ደጅ እየዞረ አተላ ተሸክሞ ጅብን ሲያበላ ይኖራል ይባላል። እንቁላል ቢያምረውም የሚበላበት ጊዜ አጣ። ፍየል ወደ ቅጠሏ፣ አህያ ወደ ሣሩ ተመለሱ፤ ቁርጠቱም ለቀቃቸው። የእመት ገብስማ የተረፉት እንቁላሎች ተፈለፈሉ። አያ ወሰራም ጫጩቶቹን እያየ «ያተረፍኳቸው እኔ ነኝ» ሲል፣ እሷ ጥሬዋን መልቀሟን ትቀጥላለች።

እኔ ከሰማሁት አልጨመርኩም፤ ከጨመርኩም ለማጣፈጫ ነው። የዚያ ወንዝ ልጆች ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ይላሉ፦

«ጎረቤት አይቶ የጎረሰ፣ ጎረቤት አይቶ መለሰ።»